ስለ ዶክመንቴሽን ፎርማት በስህተት የምናምናቸው ነገሮች

ሶፍትዌሩ ካለቀ በኋላ «ዶክመንቴሽኑን (የአጠቃቀም ማብራሪያውን) በምን ፎርማት እናዘጋጀው?» ሲባል መልሱ ብዙ ጊዜ ከልማድ ይመጣል። የሚቸገረው አንባቢው ነው። ደጋግሜ የምሰማቸውን አባባሎች አንድ በአንድ ልያቸው። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«ፒዲኤፍ ካደረግነው ሁሉም ያነበዋል»

መከፈቱን ይከፈታል፤ መነበቡ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ፒዲኤፍ የተሠራው የገጹ መልክ የትም ቢከፈት እንዳይለወጥ ነው። ለሚታተም ነገር ግሩም ነው። ስልክ ላይ ግን አንባቢው ገጹን በጣቱ እያሰፋ ግራና ቀኝ ሲገፋ ይውላል። ኮድ ኮፒ ሲደረግም ከመስመሩ መጀመሪያ ያለው ክፍተት አንዳንዴ ይጠፋል። ፓይተን በሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ የተጻፈ ከሆነ ደግሞ ያለ ክፍተቱ ኮዱ አይሠራም።

በአማርኛ ሲሆን ይብሳል። ዩኒኮድን (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ ደረጃ) ባልተከተለ የድሮ ፎንት የተዘጋጀ ማኑዋል ለዓይን አማርኛ ነው፤ ቃል ሲፈልጉበት ግን ምንም አይገኝም። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ዛሬም በድሮው ፎንት መጻፍ አንባቢን መበደል ነው።

«ማን ፔጅ ጊዜው አልፎበታል»

ማን ፔጅ ማለት ተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) ላይ «ማን» (man) ብለው የትእዛዙን ስም ሲጽፉ የሚመጣው የማኑዋል ገጽ ነው። ዕድሜውስ እውነት ነው፤ ዩኒክስ የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም የመጀመሪያ ማኑዋል የወጣው በ1971 ነው። ግን ተርሚናል ላይ የሚመጣው ገጽ አብዛኛውን ጊዜ ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ የተጫነ ነው። ስለዚህ ስለ ሌላ ቨርዥን አያወራም። ኢንተርኔት ቢቆረጥም አለ።

ሰው የሚጠላው አጠቃቀሙን ስላላየ ይመስለኛል። ገጹ ውስጥ ሆነው ስላሽ (/) ይጫኑና የሚፈልጉትን ቃል ይጻፉ። ኤን (n) ወደ ቀጣዩ ይወስዳል፣ ኪው (q) ያስወጣል። የትእዛዙ ስም ከጠፋብዎ «አፕሮፖስ» (apropos) ብለው ጉዳዩን የሚገልጽ ቃል ይስጡት።

ማኑዋሉ በቁጥር በተለዩ ክፍሎች የተከፈለ ስለሆነ የክፍል ቁጥሩንም አይርሱ። ለምሳሌ ክሮንታብ ሥራዎችን በተወሰነ ሰዓት ለማስነሳት ያገለግላል። «ማን ክሮንታብ» (man crontab) ብቻ ካሉ ስለ ትእዛዙ የሚያወራው ክፍል 1 ይከፈታል። ደቂቃው፣ ሰዓቱና ቀኑ በየትኛው ቦታ እንደሚጻፍ የሚያሳየው ግን ክፍል 5 ነው፤ «ማን 5 ክሮንታብ» (man 5 crontab) ማለት ያስፈልጋል። ይህን ያላወቀ ሰው ማኑዋሉ ጎዶሎ ይመስለዋል።

«ማርክዳውን ለሁሉም ይበቃል»

ማርክዳውን ርዕስና ዝርዝርን በቀላል ምልክቶች የሚጻፍበት ፎርማት ነው። ለሪድሚ (ከፕሮግራሙ ጋር ለሚቀመጠው አጭር መግቢያ) ይበቃል፤ እኔም የምጀምረው በእሱ ነው። ግን በ2004 ሲወጣ የራሱ የሰንጠረዥ አጻጻፍ እንኳ አልነበረውም። ከዚያ በኋላ የተለያዩ መሣሪያዎች የየራሳቸውን ጨመሩበት። አንዱ ጋ ያማረው ሰንጠረዥ ሌላው ጋ የተዘበራረቀ መስመር ይሆናል። ምዕራፎቹ ብዙ ከሆኑና እርስ በርስ የሚጠቋቆሙ ከሆነ ለትልልቅ ዶክመንቴሽን የተሠሩት ስፊንክስ ወይም አስኪዶክ ይሻላሉ። ስፊንክስ መጀመሪያ የተሠራው ለፓይተን ዶክመንቴሽን ነው፤ የሊኑክስ ከርነል (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ዶክመንቴሽንም በ2016 ወደ እሱ መሸጋገር ጀመረ።

«አንዱን መርጠን እንገላገል»

የሚጻፍበትና የሚነበብበት ፎርማት አንድ መሆን የለበትም። ከአንድ የስፊንክስ ምንጭ ኤችቲኤምኤል (የድረ ገጽ ፎርማት)፣ ኢፐብ (የኢ-መጽሐፍ ፎርማት)፣ ማን ፔጅ፣ ፒዲኤፍም ይወጣል።

«ጉግል እያለ ምን አስጨነቀን?»

ጉግል የድሮ ቨርዥን ገጽ ሊያመጣልዎ ይችላል። የፓይተን ዶክመንቴሽን ላይ ከላይ የቨርዥን መምረጫ አለ፤ መጀመሪያ እሱን ይዩ። ሙሉውን አውርዶ ማስቀመጥም ይቻላል። ፓይተን የተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ፓይዶክን (ከፓይተን ጋር የሚመጣውን የዶክመንቴሽን ማሳያ) በቢ ምርጫው (-b) ቢያስነሱት ብራውዘር ይከፍትልዎታል። እዚያው ማሽን ላይ ያሉትን ሞጁሎች፣ ራስዎ የጫኗቸውን ላይብረሪዎች ጨምሮ፣ ያለ ምንም ዳታ ያነባሉ።