በካርታ ምትሃት «ፎርስ» ምንድን ነው?

አንድ ተመልካች ካርታውን ደስ ካለው ቦታ ይቆርጣል። የቆረጠበትን ሲገልጠው ሰባት ልብ ነው። አስማተኛው ጨዋታው ሳይጀመር ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠውን የታጠፈ ወረቀት «እስቲ ክፈተው» ይለዋል። ወረቀቱ ላይ «ሰባት ልብ» ተብሎ ተጽፏል።

የዚህን ሰው ሐሳብ ማንም አላነበበም። ካርታውንም የመረጠው እሱ አይደለም፤ ተመርጦለት ነው። ይህ ዘዴ ፎርስ ይባላል። ተመልካቹ በነፃነት የመረጠ እየመሰለው፣ እናንተ የፈለጋችሁትን ካርታ እንዲወስድ ማድረግ ማለት ነው።

ቃሉ ማስገደድ ማለት ስለሆነ ጉልበት ያለበት ይመስላል። በተግባር ግን ተመልካቹ የመገፋት ስሜት ትንሽ እንኳ ከተሰማው ነገሩ አብቅቷል።

ፎርስን ከሌላው ዘዴ መለየት ያስፈልጋል። በሌላው ዘዴ ተመልካቹ የእውነት ይመርጣል፣ አስማተኛው ደግሞ ካርታውን ኋላ ላይ በእጁ ጥበብ ፈልጎ ያገኘዋል። በፎርስ ግን ካርታው ከመጀመሪያው ይታወቃል። ከባዱ ሥራ የሚያልቀው ተመልካቹ ጨዋታው ተጀመረ ብሎ ሳያስብ ነው። ትንቢቱን አስቀድሞ ወረቀት ላይ መጻፍ የሚቻለውም ለዚህ ነው።

ለጀማሪ የምመክረው ፎርስ አንድ ነው፤ ካርታን አጣምሮ ማስቀመጥ። ተራ 52 ካርታ ይበቃል። የምትፈልጉትን ካርታ፣ ሰባት ልብ እንበል፣ ከሁሉም በላይ አድርጉት። ሁሉም ካርታዎች ፊታቸው ወደ ታች ይሁን። ጓደኛችሁ ግማሽ ያህሉን ከላይ አንስቶ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጥ። እናንተ የቀረውን አንሱና እሱ ባስቀመጠው ላይ አግድም ጣሉት፣ የመስቀል ቅርጽ እንዲይዝ። «የቆረጥክበትን ቦታ ምልክት እናድርግበት» በሉት። ትንሽ ቆይታችሁ የላይኛውን ክምር አንሱና የታችኛውን አሳዩት። «ይኸው፣ እዚህ ጋ ነው የቆረጥከው። የመጀመሪያውን ካርታ እየው።»

ተረጋግታችሁ አስቡት። እሱ ያነሳው ክምር ከላይ የነበረው ነው። ስለዚህ አሁን የሚያየው ካርታ መጀመሪያም ከሁሉም በላይ የነበረው ሰባት ልብ ነው። የቆረጠበት ቦታ ሌላ ጋ ነው። በወረቀት ላይ ሲነበብ ማንም የሚነቃበት ይመስላል።

የማይነቃው «ትንሽ ቆይታችሁ» ባልኩት ምክንያት ነው። ብዙ ጀማሪ ቸኩሎ ክምሩን ወዲያው ያነሳና ይያዛል። በመሃል ወሬ ያስፈልጋል። «ሌላ ቦታ ልትቆርጥ ትችል ነበር አይደል?» ብላችሁ ዓይኑን እያያችሁ ጠይቁት። ቀና ብሎ ሲመልስ የትኛው ክምር የት እንደነበር ይጠፋበታል። ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ሰከንድ በቂ ነው። እኔ ፎርስን የምወደው ለዚህች ዝምታ ለሌላት ፋታ ነው፤ ከጣት ቅልጥፍና ይልቅ ሰውን የማዋራት ችሎታ ይጠይቃል።

ካርታው መጀመሪያ እንዲበወዝ ከፈለጋችሁም ችግር የለም። ለሁለት ከፍላችሁ ጫፍና ጫፉን እያስገባችሁ ስትበውዙ የላይኛው ካርታ መጨረሻ ላይ ይውደቅ። ቦታው ላይ ይቀራል።

ሌሎች ፎርሶችም አሉ። አንደኛው ካርታውን በአውራ ጣት ፈጥኖ እያንሸራተቱ አንዱን ብቻ ከሌሎቹ ለጥቂት ቅጽበት አስረዝሞ ማሳየት ነው። ተመልካቹ «ያየኸውን አንድ አስብ» ሲባል ያንን ያስባል። ጄይ ኦልሰን የተባለ ተመራማሪና አስማተኛ ከባልደረቦቹ ጋር በ2015 ባሳተመው ጥናት ይህንን ሞክሮታል። ከ105 ሰዎች 103ቱ የታሰበላቸውን ካርታ ወሰዱ። አብዛኞቹ ግን ምርጫው የራሳቸው እንደሆነ ተናገሩ።

ሌላው በንግግር ብቻ የሚሠራ ነው። ሁለት ካርታ ጠረጴዛው ላይ አለ። «አንዱን ንካ» ትሉታላችሁ። የምትፈልጉትን ከነካ «እሺ፣ ያንተ ይሁን»። ሌላውን ከነካ «እሺ፣ እሱን እናስወግደው»። ሁሉም ነገር ያለው መንካት ምን ማለት እንደሆነ አስቀድሞ ባለመናገር ላይ ነው። ለዚህም ነው ለአንድ ሰው ሁለቴ የማይታየው።

ካርታው አንዴ ከታየ በኋላ ደግሞ የፎርስ ትልቁ ጥቅም ይመጣል፤ ሁሉንም ካርታ ለተመልካቹ መስጠት ትችላላችሁ። 52ቱም ካርታ በደንብ እንዲደባለቅ ሰባት ጊዜ ያህል መበወዝ እንዳለበት ዴቭ ቤየርና ፐርሲ ዲያኮኒስ በ1992 በሂሳብ አሳይተዋል። ዲያኮኒስ ራሱ በ14 ዓመቱ ከቤት ወጥቶ ከታዋቂው አስማተኛ ዳይ ቨርነን ጋር የዞረ ሰው ነው። ጓደኛችሁ ሰባቴም ይበውዝ፣ ሃያ ጊዜም ይበውዝ። ካርታውን መልሳችሁ መንካት እንኳ አያስፈልጋችሁም። ወረቀቱን እንዲከፍት ብቻ ንገሩት።