«ውሻ በበላበት ይጮኻል»፦ የምሳሌው ትርጉምና የበላተኛዋ ሕዋስ ጠባይ

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ለነቀፋ ነው። ትናንት ሲቃወመው ለነበረው ወገን ዛሬ ጥቅም ስላገኘ የሚሟገት ሰው ሲታይ፣ «ምን ይደረግ፣ ውሻ በበላበት ይጮኻል» ተብሎ ይታለፋል። የአባባሉ መነሻ ግን ደጅ ጠባቂው ውሻ ነውና ሥዕሉ በራሱ ስድብ የለበትም፤ በተመገበበት ደጅ ተኝቶ ኮሽታ በሰማ ቁጥር የሚጮኽ እንስሳ ታማኝ እንጂ ከዳተኛ አይባልም። ያው አንዱ ጠባይ እንደ ተመልካቹ አቋም ምስጋናም ነቀፋም ይሆናል። በሽታ ተከላካይ ሕዋሳት በጤናና በሕመም ጊዜ ጠባያቸው ለምን እንደሚለዋወጥ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ አጭር አነጋገር አላገኘሁም።

ከእነዚህ ሕዋሳት መካከል ምሳሌው ይበልጥ የሚገጥማት ማክሮፋጅ ናት። ስሟ ከግሪክኛ የተወሰደ ሲሆን ትርጉሙም «ትልቅ በላተኛ» ነው። የሥነ እንስሳት ተመራማሪው ኢሊያ ሜችኒኮፍ እ.ኤ.አ. በ1882 በሲሲሊዋ መሲና፣ ብርሃን በሚያሳልፍ የኮከብ ዓሣ እጭ ገላ ውስጥ የጽጌረዳ እሾህ ሰክቶ አደረና በማግስቱ ሲያይ፣ ተንቀሳቃሽ ሕዋሳት እሾሁን ከብበውት አገኘ። ባዕድ ነገርን እየዋጡ ሰውነትን የሚጠብቁ ሕዋሳት አሉ የሚለው ሐሳቡ ከዚህ ተነሥቶ በ1908 ከፖል ኤርሊክ ጋር የኖቤል ሽልማት አስገኘለት።

የምሳሌው ቁልፍ «በበላበት» የሚለው ቃል ነው። አባባሉ «ላበላው ይጮኻል» አይልም፤ የሚጠቁመው ቦታን ነው። ማክሮፋጅም የምትመስለው የምትኖርበትን ቦታ ነው። በሳንባ ያለችው ከአየር ጋር የገባ ብናኝ ስትጠርግ፣ በጣፊያና በጉበት ያሉት 120 ቀን ገደማ ኖረው ያረጁትን ቀይ የደም ሕዋሳት ይውጡና ብረቱን ለአዲስ ደም መሥሪያ ይመልሳሉ። ተመራማሪዎች ከአይጥ የሆድ ዕቃ ሽፋን የወሰዷቸውን ማክሮፋጆች ወደ ሳንባ ባዛወሯቸው ጊዜ፣ ሕዋሳቱ የቀድሞ ጠባያቸውን በብዛት ትተው የሳንባዎቹን መምሰል ጀምረዋል። ደጃቸው ሲለወጥ አመላቸውም ተለወጠ ማለት ነው።

«ይጮኻል» የሚለውም ቢሆን ያለምክንያት የገባ አይመስልም። ደጅ ጠባቂ ውሻ ዋና ጥቅሙ መናከሱ ሳይሆን ሰው መቀስቀሱ ነው። ማክሮፋጅም ባክቴሪያ ስታገኝ መዋጧ ብቻ አይበቃም፤ ሳይቶካይን የሚባሉ መልእክተኛ ፕሮቲኖችን ትረጫለች፣ በዚህም የደም ሥሮች ይላላሉ፣ ኒውትሮፊል የተባሉት ነጭ የደም ሕዋሳትም ወደ ቁስሉ ይጎርፋሉ። ቁስል የሚቀላውና የሚያብጠው በአብዛኛው ከዚህ ጩኸት የተነሣ ነው።

ጩኸቱ መቼ ይበርዳል ቢባል፣ መልሱ አሁንም ከመብል ጋር የተያያዘ ነው። ኒውትሮፊሎች ዕድሜያቸው አጭር በመሆኑ እዚያው ቁስሉ ላይ ይሞታሉ፤ ማክሮፋጅም ሬሳቸውን ትውጣለች። ይህን መብል ከቀመሰች በኋላ ቁጣ ቀስቃሽ መልእክቶችን ቀንሳ፣ እብጠትን የሚያበርዱና ጠባሳ የሚያስይዙ መልእክቶችን ታበዛለች። የመማሪያ መጻሕፍት «ቁጡ» እና «ጠጋኝ» በሚሉ ሁለት ጎራዎች ቢከፍሏቸውም፣ በእውነተኛ ቁስል ውስጥ በመካከል ያሉት ስለሚበዙ ክፍፍሉን ከማስተማሪያነት አልፎ ማመን ያሳስታል።

ምሳሌው ወደ ነቀፋ የሚዞረው ካንሰር ላይ ሲደረስ ነው። በፍጥነት የሚያድግ ዕጢ ስኳርን እያነደደ ላክቲክ አሲድ በብዛት ያመነጫል፤ በዚህ አሲድ መካከል የዋለች ማክሮፋጅም ሁኔታውን እንደ ቁስል በመቁጠር የጥገና ሥራዋን ትጀምራለች። አዲስ የደም ሥር እንዲበቅል መልእክት ትልካለች፣ ዕጢውን ሊያጠቁ የመጡትን ቲ ሕዋሳት የተባሉ ነጭ የደም ሕዋሳትንም ታዳክማለች። ብዙዎች ይህን ክህደት ይሉታል፤ እኔ ግን ቃሉን አልወደውም። ሕዋሷ የተማረችውን ሙያ እየሠራች ነው፤ የተለወጠው ደጁ ነው።

መጋጠሚያን በሚሸፍነው ስስ ሕብረ ሕዋስ ላይ የሚወጣ አንድ ዕጢ ይህን በጉልህ ያሳያል። በዚህ ዕጢ ውስጥ በሽታውን የሚያመጡት ሕዋሳት ጥቂት ሲሆኑ፣ አብዛኛው እብጠት እነርሱ በሚያመነጩት ማክሮፋጅ ጠሪና አኗሪ ፕሮቲን የተሰበሰቡ ማክሮፋጆችና ዘመዶቻቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ የተፈቀደው ፔክሲዳርቲኒብ የተባለው መድኃኒት የዚህን ፕሮቲን መቀበያ ይዘጋል፤ ሕዋሳቱን የሚያኖራቸው ምልክት ሲቋረጥባቸው በብዙ ሕመምተኞች ላይ እብጠቱ ይቀንሳል። ሆኖም ጉበትን ክፉኛ ሊጎዳ ስለሚችል የተፈቀደው በጥብቅ ክትትል ብቻ እንዲሰጥ ነበር።