ስለ ባላን ዓሣ የሚወሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባላን ራስ (በእንግሊዝኛ ballan wrasse) ከኖርዌይ እስከ ሞሮኮ ባለው የአትላንቲክ ዳርቻ፣ አለት በበዛበት ቦታ የሚኖር ዓሣ ነው። ሰውነቱ ድፍን፣ ከንፈሩ ወፍራም ነው። አጥማጆችም ጠላቂዎችም ዘወትር ያገኙታል። ሁሉም አውቀዋለሁ የሚለው ዓሣ ስለሆነም ይመስለኛል ስለ እሱ ብዙ የተሳሳተ ወሬ የሚናፈሰው።

«ነጠብጣቡ ወንድ፣ ሌጣው ሴት ነው»

አይደለም። ባላን አረንጓዴም፣ ቡናማም፣ ቀላ ያለም ይሆናል፤ ነጠብጣብ ያለበትም የሌለበትም አለ። በስፔኗ ጋሊሺያ አጥማጆች ነጠብጣባሙን ፒንቶ፣ ሌጣውን ማራጎታ ይሉታል። በሁለቱም ውስጥ ሴትም ወንድም አለ። ግራ የሚያጋባው ዘመዱ ኩኩ ራስ ሳይሆን አይቀርም። የእሱ ወንድ ሰማያዊና ብርቱካናማ ሲሆን ሴቷ ሮዝ ናት። ልዩነታቸው የጎላ ከመሆኑ የተነሳ የጥንት ተመራማሪዎች ሁለት ዝርያ መስለዋቸው ለየብቻ ስም አውጥተውላቸው ነበር። ባላንን ግን በቀለሙ አይቶ ጾታውን መናገር ዝም ብሎ ግምት ነው።

«ወንዱም ሴቷም እንደተወለዱ ይኖራሉ»

ወንድ ሆኖ ሕይወት የሚጀምር ባላን የለም። ሁሉም ሲጀመር ሴት ናቸው። ለዓመታት እንቁላል ከጣሉ በኋላ ጥቂቶቹ ወደ ወንድነት ይለወጣሉ። ለውጡ የላይ የላዩን አይደለም፤ እንቁላል ያመነጭ የነበረው የሰውነት ክፍል የወንድ ዘር ማመንጨት ይጀምራል።

ይህን የሰሙ ሰዎች ደግሞ «እንግዲያው ሁሉም ሲያረጁ ወንድ ይሆናሉ» ይላሉ። ይሄም ልክ አይደለም። ዕድሜ ልካቸውን ሴት ሆነው የሚኖሩ አሉ። ነገሩ ለወሬ ብቻ የሚሆን አይደለም። ወንዶቹ የሚገኙት ከትልልቆቹ መካከል ነው። ትልቅ ትልቁን እየመረጡ ማውጣት ወንዶቹን መጨረስ ማለት ነው። ለዚህ ነው አንዳንድ አካባቢዎች ትንንሾቹን ብቻ ሳይሆን ከተወሰነ መጠን በላይ የሆኑትንም አጥምዶ መውሰድ የከለከሉት። ትክክል ናቸው።

«የበላውን ሸርጣን ጨጓራው ይፈጨዋል»

እኔን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ይሄ ነው። ባላን ጨጓራ የለውም! ጉሮሮው በቀጥታ ከአንጀቱ ጋር ይገናኛል። አሲድ የሚያመነጭ ከረጢት ብሎ ነገር የለም።

ታዲያ ያንን ሁሉ ቅርፊት ምን ያደርገዋል? የፊት ጥርሶቹ ሾጣጣና ጠንካራ ናቸው። ቀንድ አውጣውን ወይም ሙስል የሚባለውን ባለ ሁለት ቅርፊት የባሕር እንስሳ ከአለቱ ላይ ይነቅሉለታል፤ ማድቀቁ ግን የእነሱ ሥራ አይደለም። ወፍጮው ያለው ወደ ኋላ፣ ጉሮሮው ውስጥ ነው። እዚያ ሁለተኛ መንጋጋ አለ። የታችኛው አጥንት አንድ ወጥ ሲሆን ላዩ ላይ ደንደን ያሉ፣ ጫፋቸው የደነዘ ጥርሶች ተደርድረዋል። የላይኛው ሲጫነው ቅርፊቱ ይሰባበራል። ዓሣው ስብርባሪውን በአፉ መልሶ ሲተፋ የሚታይበት ጊዜ አለ። አንጀት የሚደርሰው የደቀቀው ነው። ምግብ የሚያከማችበት ቦታ ስለሌለውም ይመስላል ቀኑን ሙሉ ሲለቃቅም የሚውለው።

«ትልቅ ከሆነ ቶሎ ያደገ ነው»

ባላን ቶሎ አያድግም። እስከ 29 ዓመት ሊኖር ይችላል። ርዝመቱ ግማሽ ሜትር የሞላ ባላን በዕድሜ ካጠመደው ወጣት ቢበልጥ አይግረማችሁ። እንደዚህ ያለ ዓሣ ከወጣ ቦታውን የሚተካ ሌላ በአንድና በሁለት ዓመት አይደርስም።

«ለማጥመድ ሌሊት ይሻላል»

ለሌላ ዓሣ ይሻል ይሆናል። ባላን የቀን ዓሣ ነው። ሲመሽ የአለት ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ይተኛል። እሱን ብሎ ሌሊት መንጠቆ ይዞ የቆመ ሰው ትርፉ ብርድ ነው።

«እንቁላሉን እናት ትጠብቃለች»

ጠባቂው አባት ነው። ፀደይ ላይና በጋው መግቢያ አካባቢ ወንዱ በአለት መካከል ቦታ ያዘጋጃል፣ ሴቷ ትጥላለች፣ ከዚያ እሱ የቀረበውን ሁሉ እያባረረ ይጠብቃል። ትንሹ ዘመዱ ኮርክዊንግ ደግሞ በባሕር አረም ጎጆ ይሠራል። አንዳንድ የኮርክዊንግ ወንዶች ግን ጎጆ የመሥራት ጣጣ ውስጥ አይገቡም። ሴት መስለው ይጠጉና የሰው ጎጆ ውስጥ ዘራቸውን ረጭተው ይሄዳሉ። ሌቦች ናቸው፤ ግን ይሳካላቸዋል።

«ምግቡ የሳልሞን ቅማል ነው»

ይህ የመጣው ከእርባታ ነው። በኖርዌይና በስኮትላንድ የሳልሞን እርባታዎች ባላንን መረቡ ውስጥ የሚጨምሩት ከሳልሞኑ ቆዳ ላይ የባሕር ቅማል እየለቀመ እንዲበላ ነው። ይበላልም። በተፈጥሮ ቦታው ግን ዋና ቀለቡ ሸርጣንና ቅርፊት ለባሾች ናቸው። ውሃው ሲቀዘቅዝም እንቅስቃሴው ይቀንሳል፤ ያኔ ብዙ ሥራ አይጠበቅበትም። ደግሞ የስንጥቅ ዓሣ ስለሆነ ባዶ መረብ ውስጥ አይመቸውም። ስለዚህ እርባታዎቹ የሚደበቅበትና የሚያርፍበት ሰው ሠራሽ የባሕር አረም ያንጠለጥሉለታል።