የድሮ የናስ በር እጀታን ስለ ማጽዳት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በጅማ ነባር ቤቶች ሲታደሱ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) የተሠሩትም ቢሆኑ፣ የጠቆረ የበር እጀታ ብዙ ጊዜ «ዝጓል» ተብሎ ለቁራሌው ይሰጣል። ናስ ግን የመዳብና የዚንክ ቅይጥ እንጂ ብረት ስላልሆነ አይዝግም። የምናየው ጥቁረት መዳቡ ከአየር፣ ከእርጥበት፣ ከእጅ ላብና በጭስ ውስጥ ካለው ድኝ ጋር ሲገናኝ የሚፈጠር ስስ ሽፋን ነው፤ ከሥሩ ያለው ናስ አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ነው። በስንጥቆች ውስጥ የሚታየው አረንጓዴ ነገር ግን እርጥበት እዚያ መቋጠሩን ስለሚያመለክት ሊወገድ ይገባል።

ቢጫ የሆነ ሁሉ ናስ ነው ብሎ ማሰብም ያሳስታል። ማግኔት ከሳበው በናስ የተለበጠ ብረት ነው ማለት ይቻላል። ማግኔት ባይስበውም ከዚንክ የተሠራና ላዩን ብቻ የተለበጠ ሊሆን ስለሚችል፣ በማይታይ ጎኑ ትንሽ ጭሮ ማየት ይበጃል፤ ከሥሩ ነጭ ከወጣ ድፍን ናስ አይደለም። እንዲህ ያለው እጀታ በለስላሳ ሳሙና ከመታጠብ ያለፈ ነገር አይችልም፤ ደጋግሞ የሚያወለውለው ሰው ልብጡን ጨርሶ ይነሣዋል።

በጣም የተለመደውና ብዙ ጉዳት የሚያደርሰው ግን ስለ ሎሚ ያለው እምነት ነው። ሎሚና ጨው በእርግጥ ይሠራሉ፤ አሲዱ ጥቁሩን ሽፋን ያሟሟል፣ ጨውም ያፋጥነዋል። ስሕተቱ «በቆየ ቁጥር ይበልጥ ይጸዳል» በሚለው ግምት ላይ ነው። ዚንኩ ከመዳቡ ቀድሞ ስለሚሟሟ፣ በአሲድ ውስጥ ያደረ እጀታ ጠዋት ላይ ወደ ሮዝ ያደላ የመዳብ መልክ ይዞ ይገኛል፤ ላይ ላዩን ከሆነ በማወልወል ይለቃል፣ የሄደው ዚንክ ግን አይመለስም። ጥቂት ደቂቃ ብቻ ማቆየት፣ በጨርቅ ማሸት፣ በንጹሕ ውሃ በደንብ ማለቅለቅና ወዲያው ማድረቅ በቂ ነው። ሎሚን ከአመድ ጋር የሚቀላቅሉም አሉ፤ አመዱ የሎሚውን አሲድ ስለሚያደክመው ሥራውን የሚሠራው ፍትጊያው ብቻ ይሆናል፣ ያልተነፋ ከሆነም በውስጡ ያለው አሸዋና የከሰል ፍርፋሪ ገጹን ይጭረዋል። የባትሪ አሲድ ፈጽሞ መጠቀም አይገባም። በረኪናም ናሱን ያበላሻል፤ ከሎሚ ወይም ከአቼቶ ጋር ሲቀላቀል ደግሞ ሳንባን የሚጎዳ የክሎሪን ጋዝ ያወጣል።

ጠንክሮ መፈተግ ያበራል የሚሉ ሰዎች የዕቃ ማጠቢያ ሽቦና ብርጭቆ ወረቀት ያነሣሉ። ያገኙት ብርሃን በጥቃቅን ጭረቶች የተሞላ ነው፤ በእጀታው ላይ የተቀረጸ ሐረግ ካለም ጠርዙ ይደበዝዛል። ለስላሳ ጨርቅና ጥቂት የጥርስ ሳሙና፣ ወይም የናስ ማወልወያ፣ ይበቃል። በጎድጓዳው ውስጥ የቀረውን ጥቁረት እኔ ብሆን እተወዋለሁ፤ ቅርጹን የሚያጎላው እርሱ ነውና።

በላዩ የተደራረበን ቀለም በቢላ መፋቅ ወይም በእሳት ማቃጠል አስፈላጊ አይደለም። እጀታውን ነቅሎ ለምግብ በማያገለግል አሮጌ ድስት ውስጥ በውሃ ቢቀቅሉት ቀለሙ ይላላል፤ በእንጨት ስንጥርም ይላጣል። የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል በደረቁ መፈግፈግና ማቃጠል አቧራውንና ጭሱን ለልጆች አደገኛ ያደርገዋል።

መዳብ ያለበት ቅይጥ ብዙ ባክቴሪያዎችን እንደሚገድል እውነት ነው፤ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲም በ2008 እ.ኤ.አ. ይህን ተቀብሎ መዝግቧል። ነገር ግን ግድያው በቅጽበት ሳይሆን እስከ ሁለት ሰዓት የሚወስድ በመሆኑ «እጀታው ራሱን ያጸዳል» ተብሎ እጥበቱ አይቀርም።

አንዴ ከተወለወለ ለዘለቄታው ያበራል የሚለው ተስፋ በጅማ ዝናብ ፊት አይቆምም። ቫርኒሽ የቀቡትም እጅ በሚበዛበት ቦታ ይላጥና እጀታው ዥጉርጉር ይሆንባቸዋል። ስስ የንብ ሰም በጨርቅ ቀብቶ ማሸት ይሻላል፤ ሲያልቅ ያለ ልፋት ይደገማል፣ ምንም እንኳ እንደማንኛውም ሽፋን ባክቴሪያ የመግደል ኃይሉን ቢቀንሰውም።

እጀታው የሚወዛወዝ ከሆነም «አልቆለታል» ከማለት በፊት አንገቱ ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን ማየት ያስፈልጋል። እጀታውን ከአራት ማዕዘኑ የብረት ዘንግ ጋር የምታያይዘው እርሷ ናት፤ በካቻቪቴ ስትጠብቅ ብዙ ጊዜ ችግሩ ያበቃል። የምትዝገውም እርሷ እንጂ ናሱ ስላልሆነ፣ አልፈታ ስትል በጉልበት ከመታገል ጥቂት ነጭ ጋዝ ጠብ አድርጎ ማሳደር ነው።