«የከፈተውን ጉሮሮ ሳይዘጋው አያድርም» የማን ንግግር ነው?

ባለፈው ሳምንት አራት ኪሎ አንድ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ነበር። አጠገቤ ያሉት ሁለት ወጣቶች እግዚአብሔር አለ የለም እያሉ ይከራከራሉ። አንደኛው የመካከለኛው ዘመኑን የካቶሊክ ሊቅ ቶማስ አኩዊናስን ይጠቅሳል። የሚንቀሳቀስ ሁሉ አንቀሳቃሽ አለው፣ ወደ ኋላ ሲቆጠር ግን አንድ ቦታ መቆም አለበት ይላል። ሌላኛው ስኮትላንዳዊው ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩም ያነሳውን የጥንቱን የግሪክ ፈላስፋ የኤፒኩረስን ጥያቄ ይዞ መጣ። ፈጣሪ ሁሉን ቻይና ደግ ከሆነ ይሄ ሁሉ ክፋት ከየት መጣ? ሳይሰዳደቡ፣ እየተደማመጡ ነበር የሚያወሩት። ደስ አለኝ።

ከዚያ አማኙ ልጅ ጠረጴዛውን መታ አድርጎ «ይኸው ነው፤ እግዜር የከፈተውን ጉሮሮ ሳይዘጋው አያድርም!» አለ። ጓደኛው ጊዜ አልፈጀበትም። «በ77ቱ ረሃብ ኮረም ላይ የወደቁት ጉሮሮ አልነበራቸውም?» አለው።

ዝም ተባለ። እኔም ዝም አልኩ። ግን ቤቴ ገብቼም ነገሩ አልለቀቀኝም። አንዱ አባባሉን ማስረጃ አድርጎ አቀረበው። ሌላው እንደ ማስረጃ ወስዶ አፈረሰው። እኔ በማውቀው ቤት ግን አባባሉ ለክርክር ወጥቶ አያውቅም።

አያቴ ጎጃም፣ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ነበር የምትኖረው። እንጀራ ስትጋግር ከምድጃው አልርቅም ነበር። የምጠብቀው እንጎቻዋን ነው። ሊጡ ሲያልቅ ከቡሃቃው ተጠራርጎ የሚጋገረው ትንሹ እንጀራ የልጅ ነው። ትኩሱ ላይ በርበሬና የኑግ ዘይት ጠብ ሲደረግበት ምን እንደሚሆን የቀመሰ ያውቀዋል።

አንድ ቀን እንጎቻዬ ገና ምጣድ ላይ እያለች ውሻው ጮኸ። ከአጥሩ ውጭ «በእንተ ስማ ለማርያም! ስለ እመ ብርሃን!» የሚል ቀጭን ድምፅ መጣ። የቆሎ ተማሪ ነው። ደበሎ ለብሷል፣ አኩፋዳውን አንግቷል፣ በትሩን ወደ ውሻው ዘርግቷል። ከእኔ ቢበልጥ አራት ዓመት ነው። ባቱ ላይ የከረመ የውሻ ንክሻ ጠባሳ አለ። አያቴ ከመሶቡ ቁራሽ ታወጣለታለች ብዬ ስጠብቅ እንጎቻዋን በሰፌድ አንስታ ይዛለት ወጣች።

አለቀስኩ። ስትመለስ አልተቆጣችኝም። «አንተ እዚሁ ነህ፣ ማታ ትበላለህ። እሱ መንገድ ላይ ነው» አለችኝ። ከዚያ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች፣ ለራሷ እንደምታወራ ሆና «እግዜር የከፈተውን ጉሮሮ ሳይዘጋው አያድርም» አለች።

ልብ በሉ። የተናገረችው ሰፌዱ ባዶ ከሆነ በኋላ ነው።

አባባሉ ከየት መጣ ለሚለው የራሴ እምነት አለኝ። የወጣው ከቆሎ ተማሪ አፍ ነው። ተማሪው ቀኑን ሙሉ ዳዊት ይደግማል። በግዕዙ ዳዊት መዝሙር 93 ላይ፣ በተለመደው መጽሐፍ ቅዱስ 94 ላይ፣ «ጆሮን የተከለው አይሰማምን? ዓይንን የሠራው አያይምን?» የሚል ቃል አለ። አሁን አባባላችንን አጠገቡ አስቀምጡት። ጆሮን የተከለ ይሰማል፣ ዓይንን የሠራ ያያል፣ ጉሮሮን የከፈተ ይዘጋል። አነጋገሩ አንድ ነው። ይህን ሲያነበንብ የዋለ ልጅ ማታ ባዶ አኩፋዳ ይዞ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ሲሄድ፣ ከሦስተኛው ደጅ በውሻ ሲባረር፣ ለራሱ ምን ይላል? እኔ ድምፁ ይሰማኛል። አራተኛው ቤት ሳይደርስ «የከፈተውን ጉሮሮ ሳይዘጋው አያድርም» እያለ ነው የሚራመደው።

መዝሙሩ ራሱ ደግሞ የጠገበ ሰው መዝሙር አይደለም። ክፉዎች እስከ መቼ ይፎክራሉ እያለ ይጮኻል። መበለትና መጻተኛ ተገደሉ፣ እግዚአብሔር አያይም ተባለ ይላል። ስለ ጆሮና ስለ ዓይን የሚጠይቀው ከዚህ ሁሉ አቤቱታ በኋላ ነው።

ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ የሚባለው የፍልስፍና መጽሐፍም የሚያነሳው ይህንኑ መዝሙር ነው። መጽሐፉን የጻፈው ራሱ ፈላስፋው ዘርዓ ያዕቆብ ነው ወይስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጎንደር አካባቢ የነበረው ጣሊያናዊ መነኩሴ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚለው ክርክር ዛሬም አልተቋጨም። ታሪኩ ግን ይሄ ነው። ሰውየው በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ከአክሱም ሸሽቶ፣ ጥቂት ወርቅና ዳዊቱን ይዞ ዋሻ ገባ። እዚያ የሚሰማኝ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። የሰዎችን ክፋት እያየ ፈጣሪ ካለ ለምን እንዲህ ሆኑ አለ። ከዚያ እኔን ማን ፈጠረኝ፣ ወላጆቼንስ፣ የእነሱንስ ወላጆች እያለ ወደ ኋላ ቆጥሮ ካልተፈጠረ ፈጣሪ ደረሰ። አራት ኪሎ ያሉት ልጆች የያዙት ክርክር ሁለቱም ወገኑ እዚያ ዋሻ ውስጥ አለ። ለክርክር እሱን ያንሱ። ክብደቱን ይችላል።

አባባሉ ግን የተሠራው ለሌላ ነው። ያረፈበትን ግስ እዩት። «አያድርም» ነው የሚለው። አንድ ሌሊት ብቻ ነው የሚናገረው። ስለ ከርሞ ዝናብ፣ ስለ አገር ጎተራ የገባው ቃል የለም። ይህን ያወረሱን ሰዎች ደግሞ ረሃብን ከእኛ በላይ ያውቁታል። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ በነበሩት የክፉ ቀን ዓመታት በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ በሬውን ፈጅቶ ሞፈር ሰቅለዋል፣ የጫካ ሥር ቆፍረው በልተዋል። ኮረምን የጠቀሰው ልጅ እውነቱን ነው። ጥያቄው ያማል፣ ማመምም አለበት። እነዚያ ሰዎች ግን መልሱን ይዘናል ብለው አልተናገሩም። አንዱ ርቦት እየተራመደ ተናገረው፣ ሌላዋ እየሰጠች።

ዛሬ የሚከፋኝ በጠገበ አፍ፣ እጅ ሳይዘረጋ ሲነገር ነው። ዘመድ ስድስተኛ ልጁን ሊወልድ ነው ሲባል «የከፈተውን ጉሮሮ ሳይዘጋው አያድርም» ብሎ ማለፍ አለ። ቀጣሪ ደሞዝ ለሁለት ወር አቆይቶ ሠራተኛውን በዚሁ ሲያጽናና ሰምቻለሁ። ያሳዝናል። «ጉሮሮዬን ዘጋው» ማለት እኮ ዛሬ እንጀራዬን አሳጣኝ ማለት ነው። በአባባሉ ውስጥ መዝጋት ማጉረስ ነበር፤ አሁን መከልከል ሆኗል። እንዲህ እየተነገረ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? እባካችሁ፣ የምትሰጡት ሳይኖር አትናገሩት።

አያቴ ቤት ማታ ማታ ሥርዓት ነበር። መንገደኛ መጥቶ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ካለ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ግባ» ይባላል። እግሩ ይታጠባል። ካለው ይበላል። ሁሉም ሲያበቃ አያቴ የበሩን መወርወሪያ ታነሳለች፣ ግን ወዲያው አትጥለውም። አንገቷን ወደ ጨለማው ታወጣለች። «የመሸበት አለ?» ትላለች ጮክ ብላ። ትንሽ ትቆያለች። ውሻው ዝም ካለ ብቻ ነው የምትዘጋው።