«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ»፦ ሥሩ ላይ የሚደረሰው በቁፋሮ አይደለም

ሰሞኑን ከላምበረት ተሳፍሬ ወደ ደብረ ብርሃን ስሄድ ከኋላዬ ሁለት ወጣቶች ተቀምጠው ነበር። ሸኖ ሳንደርስ ክርክር ጀመሩ። አንደኛው ስልኩን ዘርግቶ «ይኸው፣ ራሱ ጌታ ‹ከእኔ አብ ይበልጣልና› ብሏል። ዮሐንስ 14፥28። ታዲያ እንዴት እኩል ናቸው ትላለህ?» ይላል። ጓደኛው መልስ አጣ። ትንሽ ቆይቶ «ሃይማኖት እኮ አይጠየቅም» አለና ወደ መስኮቱ ዞረ። ጠያቂው ግን አልለቀቀውም። «እኔ እንዳንተ በጭፍን አልሄድም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው!» አለው።

ጆሮዬ ቆመ። በጥያቄው አልተከፋሁም። ትልቅ ጥያቄ ነው። ወልድ ከአብ ያንሳል ይል የነበረው የአርዮስ ወገኖችም ይህችን ቃል ይዘው ተከራክረዋል። አባቶች በፈረንጅ አቆጣጠር በ325 ኒቅያ ላይ የተሰበሰቡትም አርዮስ ባስነሳው ክርክር ነው። የከፋኝ አባባሉ ነው። ልጁ የያዘው ከአንድ ቁጥር ላይ የተቆረጠች ሦስት ቃል ነው። ከታች፣ ከብት ከገባበት ቀድቶ፣ ከምንጩ ነው የቀዳሁት እያለ ነው።

አባባሉ ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቀዋል። እኔ ማውራት የምፈልገው ስለ ውሃው ነው።

ያደግሁት ሰሜን ሸዋ፣ ተጉለት ውስጥ ነው። ደጋ ነው አገሩ። ኅዳር ላይ ሣሩ በውርጭ ነጭ ለብሶ ያድራል። አያቴ ወፍ ሲንጫጫ እንስራዋን አዝላ ትወጣለች። እኔ ባና ተከናንቤ፣ ቅሉን ይዤ እከተላታለሁ። ከቤታችን ወርደን ወንዟን እንደያዝን ሽቅብ ነው የምንሄደው። መጀመሪያ የልብስ ማጠቢያው ይገኛል። ቀጥሎ የከብት ማጠጫው። እሱንም አልፎ፣ ከአንድ ያረጀ ጽድ ሥር፣ የምንጩ ዓይን አለ። የሚጠጣ ውሃ ከዚያ በቀር ከየትም አይቀዳም።

ለልጅ እግር ሩቅ ነው። አንድ ማለዳ ብርዱ አንገበገበኝና ከብት ማጠጫው ጋ ስንደርስ ቆምኩ። «እማዬ፣ እዚሁ ብንቀዳስ? ያው አንድ ውሃ አይደል?» አልኳት።

«ውሃውማ አንድ ነው» አለችኝ። «የገባበት እግር ነው ብዙ።»

ከዓይኑ ሲቀዳም ወግ አለው። ቅሉ ወደ ታች አይጠልቅም። በጎኑ ተይዞ፣ ቀስ ተብሎ፣ ከላይ ከላይ ነው የሚጨለፈው። ታቹ ደለል ነው። ቅሉ ደለሉን ከነካው ውሃው በአንዴ ይደፈርሳል። ከደፈረሰ ደግሞ ማንም አይነካውም። ቁጭ ተብሎ እስኪጠል ይጠበቃል። ሴቶቹ እስከዚያው ጨዋታ ይይዛሉ። ማን ወለደ፣ ማን ታመመ፣ የማን ገብስ አማረ፣ ሁሉም እዚያ ይወራል። ችኩል ልጅ «ልቆፍረውና ቶሎ ይምጣ» ብሎ እጁን ከሰደደ ግን ጨዋታው ይቆምና ሁሉም አፍ አውጥተው ይቆጡታል። እንስራው ሲሞላ አፉ ላይ ቅጠል ይሰካል፤ በመንገድ እንዳይፈስ። የዚያ ቅጠል ሽታ ዛሬም ከአፍንጫዬ አልጠፋም።

ክረምት ሲገባ ወንዟ በጎርፍ ቀልታ፣ ጭቃና እንጨት ይዛ ትወርዳለች። ሽቅብ ወጥተን ጽዱ ሥር ስንደርስ ግን ዓይኑ እንደጠራ ነው። ታቹ ያለው ጠጠር አንድ በአንድ ይቆጠራል።

ስለዚህ አባባሉ ውስጥ ያለው «ጥሩ» ዛሬ መልካም የምንለው ጥሩ አይደለም። የጠራ ማለት ነው። መጽሐፍ ቅዱሳችን ዘጸአት 25 ላይ ስለ ታቦቱ ሲናገር «ጥሩ ወርቅ» ይላል። ባዕድ ነገር ያልገባበት ወርቅ ማለቱ ነው። ውሃውም እንደዚያ ነው፤ እግር ያልገባበት። «ሥር»ም ቢሆን አንድ ነገር ብቻ አይደለም። የዛፍ ሥር አለ፣ የተራራ ሥር አለ፣ «ከመምህሩ እግር ሥር ተማረ» እንላለን። በእኛ መንደር ደግሞ ሁሉም አንድ ቦታ ነበሩ። ምንጩ የሚፈልቀው ከጽዱ ሥር ነው። ጽዱ ያለው ከተራራው ሥር ነው። የየኔታ ጎጆም ከዚያው ትንሽ ከፍ ብላ ነበር።

የኔታን ካነሳሁ አይቀር የቃየንን ሚስት ልናገር። 9 ዓመቴ ነበር። አዳም፣ ሔዋን፣ ቃየን፣ አቤል እያልኩ በጣቴ ቆጠርኩ። አቤል ሞተ። ታዲያ ቃየን ሚስቱን ከየት አመጣት? ቤት ውስጥ አንድ ትልቅ ሰው ጠየቅሁ። «ዝም በል! መጽሐፍ አይጠየቅም» አለኝ። አያቴ ሰማች፤ ምንም አልተናገረችም። በማግስቱ ከምንጩ ስንመለስ በየኔታ ደጅ አሳለፈችኝ። እንስራውን እንዳዘለች ቆማ «የኔታ፣ ይህ ልጅ የሚጠይቅዎት ነገር አለው» አለቻቸው።

ጥያቄዬን ነገርኳቸው። ወዲያው አልመለሱልኝም። «እስቲ መጽሐፉ ምን ይላል?» አሉኝ።

«ቃየን ኖድ አገር ሄዶ ሚስት አገባ ይላል።»

«አገባ ይላል?»

ዝም አልኩ። አንድ ተማሪ ጠርተው ዘፍጥረት 4፥16ንና 17ን አስነበቡት። ቃየን ወጥቶ በኖድ ምድር ተቀመጠ ይላል። ቀጥሎ ሚስቱን አወቀ፣ ፀነሰችም ይላል። «አየህ ልጄ፣ እዚያ ሄዶ አገባ አላለም። ሚስቱ አብራው ነበረች» አሉኝ። ከዚያ ምዕራፍ 5ን አስነበቡ። አዳም ሴት የተባለውን ልጁን ከወለደ በኋላ ሌሎች ወንዶችና ሴቶች ልጆች እንደወለደ፣ በጠቅላላው 930 ዓመት እንደኖረ ተነበበ። ለጥቀው መጽሐፈ ኩፋሌን አነሱ። ኩፋሌ ቤተ ክርስቲያናችን ከምትቀበላቸው 81 መጻሕፍት አንዱ ነው። ምዕራፍ 4 ላይ ቃየን ያገባት እኅቱን አዋንን እንደሆነ በስሟ ጠርቶ ይናገራል።

«እኅቱን?» ብዬ ጮኽኩ። የኔታ ሳቁ። እኅት አትገባም የሚለው ሕግ ከብዙ ዘመን በኋላ በሙሴ እጅ እንደመጣ፣ ዘሌዋውያን 18 ላይ እንዳለ፣ ያን ጊዜ ግን በምድር ላይ ከአዳም ልጆች በቀር ሰው እንዳልነበረ አስረዱኝ። አያቴ ይህ ሁሉ ሲሆን እንስራዋን አላወረደችም።

ቆይቶ ነው የገባኝ። የኔታ መልስ ከመስጠታቸው በፊት ጥያቄዬን አጠሩት። የጥያቄው ግማሽ እኔ ራሴ በእግሬ ያደፈረስኩት ነበር። የትርጓሜ ጉባኤ ወጉ እንዲሁ ነው። መጀመሪያ ንባቡ ይቃናል። ከዚያ ዘይቤው ይፈታል። ከዚያ ነው «አንድም» እየተባለ ምሥጢሩ የሚወርደው፤ ሐተታውም ታሪኩም የሚመጣው። «ንባብ ይቀትል ወትርጓሜ ያሐዩ» የሚሉት ሊቃውንቱ ለዚህ ነው። ንባብ ብቻውን ይገድላል፣ ትርጓሜ ያድናል። የሐዋርያት ሥራ 8 ላይ ያለው ኢትዮጵያዊ ጃንደረባም ኢሳይያስን በሠረገላው ይዞ ሳለ ፊልጶስ ታስተውለዋለህን ሲለው፣ የሚመራኝ ሳይኖር እንዴት ይቻለኛል ነው ያለው። አልተሸማቀቀም። መሪውን ሠረገላው ላይ አስወጣው።

አባባሉ ከሙግት የመጣ ነው የሚሉ አሉ። ዳኛ ፊት ነገር ከሥሩ ይመረመራል ይላሉ። እኔ አልቀበለውም። ችሎት ላይ ውሃው ምን ሊሠራ መጣ? እኔ የምለው፣ ይህን አባባል ያወጣው የአብነት ተማሪ ነው። ለየኔታ ውሃ የሚቀዳው ማን ነው? ተማሪው ነው። ማለዳ ምንጭ ይሄዳል፣ እንደተመለሰ ጉባኤ ይቀመጣል። ሁለቱም ሥራው ናቸው። በሁለቱም ሽቅብ ይሄዳል፣ በሁለቱም እስኪጠራ ይጠብቃል። «ሥሩ» እና «ጥሩ» ብሎ ቤት መምታቱም ቅኔ ቤት የዋለ ሰው እጅ ነው።

ሌላም አለኝ። ነቢዩ ሕዝቅኤል ምዕራፍ 34፥18 ላይ ክፉ በጎችን ይወቅሳል። የጠራውን ውሃ ጠጥታችሁ የቀረውን በእግራችሁ ማደፍረሳችሁ አነሳችሁን ይላል። አያቴ ፊደል አልቆጠረችም። «የገባበት እግር ነው ብዙ» ያለችኝ ግን ያንኑ ነው። ቃሉ ከብሉይ ጉባኤ በተማሪ አፍ ወደ ምንጩ ወርዶ፣ ከምንጩ በእንስራ ታዝሎ እየቤቱ ገብቷል ብዬ አምናለሁ።

ተጉለት ደግሞ ለከባድ ጥያቄ እንግዳ አይደለም። የደብረ ምጥማቅ ገዳም የነበረችው እዚሁ ነው። ቀዳሚት ሰንበት፣ ማለትም ቅዳሜ፣ ትከበር ወይስ አትከበር የሚለው ጥያቄ ከአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ዘመን ጀምሮ መቶ ዓመት ያህል ሲያከራክር ኖሯል። ትከበር ያሉት ተሰደውበታል። በመጨረሻ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ ጳጳሳቱ አባ ሚካኤልና አባ ገብርኤል ባሉበት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1450 ደብረ ምጥማቅ ላይ ጉባኤ ተደረገና ሁለቱም ሰንበታት፣ ቅዳሜም እሑድም፣ እንዲከበሩ ተወሰነ። መቶ ዓመት ነው የጠበቁት። እስኪጠል።

ዛሬ «ነገርን ከሥሩ» ሲባል የምሰማው ለሌላ ነው። የሰው ዘር ለመቁጠር ይሉታል። የሰው ነውር «ቆፍሬ አወጣዋለሁ» ለማለት ይሉታል። ቲክቶክ ላይ ደግሞ አንድ ጥቅስ ቆርጦ፣ ተከራካሪውን አፍ አስይዞ፣ በሦስት ደቂቃ ለመጨረስ ይሉታል። ይህ ቁፋሮ ነው። ምንጭ የሚቆፍር ልጅ ስንት ቁጣ እንደሚጠብቀው ነግሬያችኋለሁ። «ሃይማኖት አይጠየቅም» የሚሉትንም አላልፋቸውም። እነሱ ዓይኑን በድንጋይ እየደፈኑት ነው። ልጁ ውሃ ጠምቶት መጥቷል። ከዚህ ካልጠጣ ከማጠጫው ይጠጣል እንጂ ሳይጠጣ አይቀርም።

ወደ አውቶቡሱ ልመለስ። ዞር አልኩና ባለስልኩን «ወንድሜ፣ ቁጥሩን ሙሉውን ታነብልናለህ?» አልኩት። አነበበ። ጌታ ስለ መሄዱ ነው የሚናገረው። ብትወዱኝስ ወደ አብ በመሄዴ ደስ ባላችሁ ነበር ይላል። የሚሄደውም የሚመለሰውም በለበሰው ሥጋ ነው፤ አባቶች «ይበልጣል»ን በዚያ ተርጉመውታል አልኩት። ፊልጵስዩስ 2 የባሪያን መልክ ይዞ ራሱን ባዶ አደረገ ያለውን ጨመርኩለት። ከዚያ «ትንሽ ወደ ላይ ውጣ፣ ቁጥር 9» አልኩት። «እኔን ያየ አብን አይቶአል» የሚለው እዚያው ምዕራፍ ውስጥ ነው። ልጁ ዝም ብሎ ቆየና «ይኼን አላየሁትም ነበር» አለ።

«ገና ነህ» አልኩት። «ከቁጥር 1 ጀምረው። አባባሉን ምዕራፉን ስትጨርስ ትለዋለህ።»

ገጹን ወደ ላይ መለሰው። «ልባችሁ አይታወክ» ብሎ ይጀምራል። በመስኮት ሲያይ የነበረው ጓደኛውም ዞረ። ጫጫን ስናልፍ ሁለቱም አንድ ስልክ ላይ አጎንብሰው፣ አንዱ እያነበበ ሌላው «ቆይ፣ ድገመው» ይለው ነበር።