«አብኖርማል» ኢሲጂ ምንድን ነው?

ኢሲጂ፣ ማለትም የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ ወረቀት ላይ የሚያሰፍረውን ምርመራ፣ የተነሳ ሰው ወረቀቱን ሲቀበል ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ጥግ ላይ በታተመችው ቃል ላይ ነው፦ «አብኖርማል»። ሐኪም ጋ ተራው እስኪደርስ በጭንቀት ያልቃል። አንዳንዱ ፎቶ አንስቶ ለዘመድ ይልካል፤ ዘመድም «ልቡን ታሟል» ብሎ ቤቱን ያስጨንቃል። ሐዋሳ ላይ ኢሲጂ በሆስፒታልም በግል ክሊኒክም ስለሚሠራ፣ ይህ ወረቀት ብዙ ሰው እጅ ይገባል። ቃሉ ግን የበሽታ ስም አይደለም። «ይህን መስመር ሰው ይየው» የሚል ምልክት ነው።

ልብ በመታ ቁጥር ከላይኛው የቀኝ ክፍል ትንሽ የኤሌክትሪክ ኃይል ይነሳል። ጡንቻውን እያዳረሰ ወደ ታች ይወርዳል። ኢሲጂ ይህንን ጉዞ ከቆዳ ላይ ይመዘግባል፤ ወደ ሰውነት የሚልከው ነገር የለም፣ አያምምም። ሽቦ የተያያዘባቸው መለጠፊያዎች ደረት ላይ 6፣ እጅና እግር ላይ 4 ይደረጋሉ። ከእነዚህ 10 መሣሪያው 12 መስመር ያወጣል፤ እያንዳንዱ ልብን በሌላ አቅጣጫ ያሳያል። ፒ፣ ኪው፣ አር፣ ኤስ፣ ቲ የሚባሉትን የሞገድ ስሞች ያወጣው የሆላንዱ ቪለም አይንትሆቨን ነው። በ1924 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል።

ወረቀቱ ላይ ያሉት ካሬዎች መለኪያ ናቸው። በተለመደው ፍጥነት፣ ማለትም በሰከንድ 25 ሚሊ ሜትር፣ ትንሿ ካሬ 0.04 ሰከንድ ናት። ትልቋ 0.2 ሰከንድ። በሁለት ረጃጅም ሞገዶች መካከል ያሉትን ትልልቅ ካሬዎች ቆጥሮ 300ን ለዚያ ቁጥር ማካፈል የልብ ምቱን በደቂቃ ይሰጣል። አራት ካሬ ካለ 75 ነው። ምቱ የተዛባ ከሆነ ግን ይህ ስሌት አይሠራም።

እያንዳንዱ ሞገድ ወሰን አለው። ከፒ (ከመጀመሪያዋ ትንሽ ሞገድ) መነሻ እስከ ኪውአርኤስ (ቀጥሎ የሚመጣው ረጅሙ ሞገድ) መነሻ ከ3 እስከ 5 ትንንሽ ካሬ ነው። የኪውአርኤስ ስፋት ከ3 ትንንሽ ካሬ በታች ነው። በዕረፍት ላይ ያለ አዋቂ ሰው ምት በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ይሆናል። ከእነዚህ አንዱ ከወሰን ሲወጣ መሣሪያው «አብኖርማል» ብሎ ያትማል። ሰውዬው ማን እንደሆነ፣ ምን እንዳመመው፣ ምን መድኃኒት እንደሚወስድ አያውቅም።

ጠዋት ጠዋት ታቦር ተራራ ላይ የሚሮጥ የ22 ዓመት ወጣት እናስብ። ምቱ 46 ቢሆን መሣሪያው «ዝግተኛ» ይላል። ስፖርት ለለመደ ልብ ግን ይህ የጤና ነው። ቀጭን ወጣት ወንዶች ላይ ደግሞ ሞገዱ ረዝሞ ስለሚታይ «የልብ ጡንቻ ወፍሯል» የሚል ጽሑፍ ሊወጣ ይችላል። ያው ጽሑፍ ለዓመታት ደም ግፊቱን ሳይታከም በቆየ የ60 ዓመት ሰው ወረቀት ላይ ሲመጣ ግን በደንብ መታየት አለበት።

አንዳንዴ ደግሞ ችግሩ ልብ ላይ ሳይሆን ሽቦው ላይ ነው። የቀኝና የግራ እጅ ሽቦ ከተቀያየረ የመጀመሪያው መስመር ተገልብጦ ይመጣል። ታካሚው ሲንቀጠቀጥ ወይም ሲያወራ መስመሩ ይቆራረጣል፤ ካላስተዋሉት የልብ ምት መዛባት ይመስላል። ጥሩ አንባቢ ሞገዱን ከማየቱ በፊት ስሙን፣ ቀኑን፣ ፍጥነቱንና የሽቦውን አቀማመጥ ያረጋግጣል። ጥርጣሬ ካለ መድገም ነው፤ ደቂቃ አይፈጅም።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ እንምጣ። እኔን በጣም የሚያሳስበኝ «አብኖርማል» የምትለው ቃል ሳትሆን «ጨጓራዬ ነው» የምትለው ቃል ናት። የልብ ደም ሥር ድንገት ሲዘጋ ሕመሙ ሁልጊዜ ግራ ደረት ላይ አይመጣም። የልብ የታችኛው ግድግዳ ሲጎዳ ከእምብርት በላይ ያቃጥላል፣ ያቅለሸልሻል፣ በላብ ያጠምቃል። ሰው ጨጓራ ነው ይላል፣ ወይም ብርድ መታኝ ይላል፤ ወተት ጠጥቶ ይተኛል። በዚያን ሰዓት ኢሲጂ ቢነሳ ሁለተኛው፣ ሦስተኛውና ኤቪኤፍ የሚባሉት መስመሮች ላይ የኤስቲ ክፍል፣ ማለትም ከኪውአርኤስ መጨረሻ እስከ ቲ መነሻ ያለው፣ ከመነሻው ደረጃ በላይ ከፍ ብሎ ሊገኝ ይችላል። አንድ ሚሊ ሜትር ከፍታ፣ ጎን ለጎን በሚያዩ ሁለት መስመሮች ላይ ከተገኘ፣ ትልቅ ነገር ነው። ወሰኑ ደረት ላይ ባሉት በሁለተኛውና በሦስተኛው መስመሮች ይለያል፤ በዕድሜና በጾታም ይለያያል። ሕክምናው የሰዓት ጉዳይ ስለሆነ፣ ደረቱን የሚያመው ሰው ጤና ተቋም ከደረሰ በ10 ደቂቃ ውስጥ ኢሲጂ መነሳት አለበት ይባላል።

እዚህ ጋ አንድ ነገር አጥብቄ እላለሁ። የመጀመሪያው ወረቀት «ኖርማል» ቢሆንም የልብ ሕመም የለም ማለት አይደለም። ሕመሙ ከቀጠለ ኢሲጂው ይደገማል፤ ትሮፖኒን የሚባለው የደም ምርመራም ይታያል። ደረቱን እየጨመቀው «ኖርማል ነው ተብያለሁ» ብሎ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው፣ «አብኖርማል» ተብሎ ከደነገጠው ጤነኛ ወጣት ይልቅ አደጋ ላይ ነው።

ሌላው በአገራችን ብዙ የሚታየው ነገር ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባለው የልብ ምት መዛባት ነው። በወረቀቱ ላይ ሁለት ምልክት አለው፤ ፒ ሞገድ ይጠፋል፣ በምቶቹ መካከል ያለው ርቀትም ምንም ሥርዓት አይኖረውም። የላይኛው የልብ ክፍል በትክክል መጨማደዱን ትቶ ይርገበገባል። ደም እዚያ ይቆማል፣ ይረጋል። የረጋው ደም ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ያመጣል። ምክንያቱ ሌላ አገር ብዙ ጊዜ እርጅናና ደም ግፊት ነው። እኛ ጋ ግን በልጅነት በጉሮሮ ሕመም የጀመረ የሩማቲክ የልብ ሕመም ገና በ30ዎቹ ያሉ ሴቶችን ሳይቀር እዚህ ያደርሳል። ሲደክማት «የሥራ ብዛት ነው» ትላለች፤ እርግዝና ሲመጣ ይብሳል። ኢሲጂው ምቱን ያሳያል እንጂ የትኛው የልብ በር እንደጠበበ አይናገርም። እሱን የሚያሳየው ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ነው። ደም ማቅጠኛ የተጀመረለት ሰውም መድኃኒቱን በደም ምርመራ እየተከታተለ ይወስዳል እንጂ «ተሻለኝ» ብሎ አያቆምም።

ከልብ ውጭ ያለ ችግርም ወረቀቱ ላይ ይወጣል። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ዲያሊስስ (ደም በመሣሪያ ማጣራት) ካመለጠው ደሙ ውስጥ ፖታሲየም ይጨምራል፤ ቲ ሞገዱም ረዝሞ ይሾላል። ይህን ያየ ሐኪም የላብራቶሪውን ውጤት ሳይጠብቅ ሕክምና ሊጀምር ይችላል። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ የሚታከሙ ሰዎች ደግሞ በየጊዜው ኢሲጂ የሚነሱት ያለ ምክንያት አይደለም። ቤዳኩዊሊንና አንዳንድ አብረው የሚሰጡ መድኃኒቶች ኪውቲ የሚባለውን ርቀት፣ ማለትም ከኪውአርኤስ መነሻ እስከ ቲ መጨረሻ ያለውን፣ ያስረዝማሉ፤ በጣም ከረዘመ አደገኛ የምት መዛባት ሊከተል ይችላል።

ይህን ሁሉ ለሚያነብ ሐኪም ከምንም በላይ የሚጠቅመው የበፊቱ ወረቀት ነው። ዛሬ የታየው ለውጥ ከሦስት ዓመት በፊትም ከነበረ ሌላ ነው፤ ዛሬ አዲስ ከሆነ ሌላ። ብዙ ሰው ግን አሮጌውን ይጥለዋል፣ ወይም ካርዱ ውስጥ ይቀርና ሌላ ተቋም ሲሄድ አያገኘውም። ብዙዎቹ ወረቀቶች በሙቀት የሚታተሙ ስለሆኑ ጽሑፉ ከጊዜ ጋር ይደበዝዛል፤ በሐዋሳ ሙቀት መኪና ውስጥ ወይም መስኮት ላይ ከቆየ ደግሞ ቶሎ። ስለዚህ በተነሳ ቀን በደንብ ዘርግታችሁ፣ ስሙና ቀኑ እንዲነበብ፣ ካሬዎቹም እንዲታዩ አድርጋችሁ በስልክ ፎቶ አንሱት። ድንገት ድንገተኛ ክፍል ብትገቡ አብሮ የመጣው ሰው እንዲያገኘው፣ የት እንዳስቀመጣችሁት ለአንድ የቤተሰብ አባል ንገሩ።